ብኵርናና የምስር ወጥ
ወጣቶች ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ ስለ መምከር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በኦሪት ዘፍጥረት በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዔሳውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዔሳው ከአደን ደክሞና ርቦት ተመለሰ፤ ወንድሙ ያዕቆብ የሠራውን ወጥ ባየ ጊዜም ሆዱ ከልቡናው ቀደመና ብኵርናውን በአንድ ማዕድ ለወጠው። ሰባክያን ይህን ታሪክ የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጾምና ስለ ሆዳምነት ሲያስተምሩ ነው። መልካም ነው፤ ነገር ግን ዔሳው መራቡ ኀጢአት ሆኖ አልተቈጠረበትም። የተነቀፈበት ምክንያት ሲመዝን ሚዛኑ ስለ ተዛባበት ነው። ወጡ በፊቱ ይሞቃል፥ ይሸታል፤ ብኵርና ግን አይሸትም፥ በእጅም አይጨበጥም፤ ዋጋው የሚታወቀው አባት በረከቱን በሚያወርስበት ቀን ነው። ያ ቀን በደረሰ ጊዜም ዔሳው ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ልቅሶው ግን የሸጠውን አልመለሰለትም።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በዘመናችን በከተማም በገጠርም የምናየው ነገር አስገድዶን ነው። ልጁ እስከ 7ኛ ወይም እስከ 8ኛ ክፍል በደኅና ይማራል፤ ድምፁ መጎርነን፥ ትከሻው መስፋት በጀመረ ጊዜ ግን ዐሳቡ ከደብተሩ ይርቃል። አንዱ ጓደኛው የታክሲ ረዳት ሆኖ ማታ ማታ ብር ሲቈጥር ያያል። ሌላው ጓደኛው የቀን ሥራ ሠርቶ ስልክና ጫማ ገዝቶአል። በአንጻሩ እስከ መጨረሻ የተማረው የጎረቤት ልጅ ዲግሪውን በሳጥን ቈልፎ ከእናቱ ቤት ተቀምጦአል። እንግዲህ ልጁ ይህን ሁሉ አይቶ «ትምህርት ምን ይረባኛል?» ብሎ አባቱን ይጠይቃል። አባትም የሚመልሰው ቢያጣ ወደ ንስሐ አባቱ ይመጣል። ብዙዎቻችን ካህናት በዚህ ጊዜ «ትምህርት መልካም ነው፤ ይማር» ብለን መስቀል አሳልመን እናሰናብተዋለን። የተናገርነው እውነት ነው፤ የልጁ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀርቶአል። ልጁ የጠየቀው ትምህርት መልካም እንደ ሆነና እንዳልሆነ አልነበረም፤ እንጀራ ያበላ እንደ ሆነ ነው እንጂ።

አንዳንድ ወንድሞች ካህን ስለ ገንዘብ ጥቅም ሊያስተምር አይገባውም፤ የካህን ነገር ስለ ነፍስ ነው ይላሉ። ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር መሆኑን ሐዋርያው ጽፎአልና ፍርሃታቸውን አንንቀውም። ነገር ግን ይኸው ሐዋርያ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቈጠራል ሲል ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል፤ የኤፌሶን ሰዎችንም ይሰርቅ የነበረ ሰው ስርቆቱን ትቶ በእጁ እንዲሠራ፥ ሠርቶም ለተቸገረ የሚሰጠው እንዲተርፈው አዝዞአል። የሌለው ሰው ምን ይመጸውታል? ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው ሲያስተምር፥ ያ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ነው ያመለከተው። የምሳሌው ምስጢር ስለ ደቀ መዝሙርነት መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ተቀምጦ ማስላት ነውር ቢሆን ኖሮ ጌታ ለምስጢሩ ምሳሌ ባላደረገው ነበር።

እንግዲህ እኛም ከልጁ ጋር ተቀምጠን እናስላ። ደብተርና እርሳስ ይዘን ብናሰላለት፥ ከአንድ ሰዓት ተግሣጽ ይልቅ ያ ደብተር ይጠቅመዋል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲቈጡት ጆሮውን ይዘጋል፥ ቍጥር ሲያዩለት ግን ጠጋ ይላል።

ከቁጥር በፊት አንድ ነገር እንበል። ጆርጅ ሳካሮፑሎስና ሃሪ ፓትሪኖስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን መርምረው በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ በኩል ባወጡት ጽሑፍ፥ አንድ ሰው በትምህርት ቤት የሚጨምረው እያንዳንዱ ዓመት ገቢውን በአማካይ ከመቶ 9 ያህል ከፍ እንደሚያደርገው ገልጸዋል። ይህ አማካይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የተሰጠ የተስፋ ቃል አይደለም። ካህን የሆነ ሰው ይህን ሳይናገር ቍጥሩን ብቻ ቢያስተምር ልጁን ያታልለዋል፤ ከዓመታት በኋላም ልጁ ያታለለውን ሰው ስም አይረሳም።

አሁን ለምሳሌ ያህል የ16 ዓመት ልጅ ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ቢያቋርጥና በቀን ሥራ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። ቍጥሩን ለማስተማሪያ ወሰድነው እንጂ የየአገሩ ደመወዝ ልዩ ልዩ ነው። አራት ዓመት ትምህርቱን ቢቀጥል በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ 288,000 ብር ያጣል። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ልጁም «አጣሁት» ሲለን «ምንም አይደል» ልንለው አይገባም፤ ለድኃ ቤት ብዙ ነውና። ከአራት ዓመት በኋላ ግን፥ በዓመት ከመቶ 9 እየተደራረበ ሲታሰብ፥ ገቢው በወር 8,470 ብር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ በወር 2,470 ብር፥ በዓመት ወደ 29,640 ብር ነው። በዚህ ልዩነት ያጣውን 288,000 ብር ለመመለስ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በ20 ዓመቱ ሥራ የጀመረው ልጅ ዕዳውን ከፍሎ የሚጨርሰው እንግዲህ 30 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 60 ዓመቱ በሠራባቸው 30 ዓመታት የሚያገኘው ልዩነት ሁሉ ትርፍ ነው፤ ሲደመርም ከ880 ሺህ ብር ይበልጣል።

ሠላሳ ዓመት የሚለውን ቍጥር ልብ በሉ። ዮሴፍ ወንድሞቹ በሸጡት ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። በመካከል ያሉት 13 ዓመታት የባርነትና የወኅኒ ዓመታት ነበሩ፤ ከውጭ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው በከንቱ ያለፉ ይመስላሉ። ነገር ግን የጲጥፋራን ቤት ማስተዳደር፥ የግዞት ቤቱን ሰዎች መቈጣጠር፥ ይህ ሁሉ የግብጽን እህል በሰባት ዓመት ጥጋብ ሰብስቦ በሰባት ዓመት ራብ ለማከፋፈል የሚበቃ ትምህርት ሆነለት። በ20 ዓመቱ ዮሴፍን አይቶ «ይህ ልጅ ከሰረ» የሚል ሰው ሒሳቡን ሳይጨርስ የዘጋ ሰው ነው።

ይህም ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል። የቀን ሠራተኛው ገቢ እስከ 60 ዓመት ባለበት ይቈያል ብለን ነው ያሰላነው። እንደዚህ አይሆንም። አሸዋና ሲሚንቶ የሚሸከም ጀርባ በ20 ዓመት እንደ ነበረው በ45 ዓመት አይገኝም። ጕልበት ካልተጠቀሙበትም ከተጠቀሙበትም በየዓመቱ የሚቀንስ ካፒታል ነው፤ ዕውቀትና ሙያ ግን በተሠራበት ቍጥር ይጨምራል። በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ኮረት የሚያመላልሰውንና የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋውን ሁለቱን ልጆች ለዕለት ክፍያ በተሰለፉ ጊዜ ማየት ይበቃል። ልጁን ወደዚያ ወስዶ ማሳየትም ከስብከት አይቈጠርም ያለ ማን ነው?

ደግሞ መማርና መሥራት ፈጽመው የሚጣሉ አይደሉም። በብዙ ከተሞቻችን ትምህርት በፈረቃ ነው፤ ግማሽ ቀን ይተርፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀጥሮ እንዳይሠራ ከልክሎአል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ወስኖአል። ስለዚህ ችግሩ የጸናበት የ16 ዓመት ልጅ በተረፈው ግማሽ ቀንና በዕረፍት ወራት ቀላል ሥራ ሠርቶ እናቱን ቢረዳ እናመሰግነዋለን። የምንቃወመው ትምህርቱን ጨርሶ መተዉን ነው።

እዚህ ላይ ልጁ የሚያነሣውን ከባዱን ጥያቄ ሳንሸሽ እንመልከት። «የተማሩትስ መቼ አለፉ?» ይላል። እውነቱን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ለነበሩ ተማሪዎች አሰጣጡ ተለውጦ ተፈታኞቹ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተፈተኑ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም ነበር፤ በ2015 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆነ። ይህ ለሀገሪቱ ሁሉ ልቅሶ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «እንግዲህ አንማር» የሚል አይደለም። ፈተናው የገለጠው ብዙ ልጆች 12 ዓመት በወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ነበረና እንዳልተማሩ ነው። የታመመውን ሰው ሙቀት መለኪያው ትኵሳት ቢያሳይ በሽተኛውን እናክመዋለን እንጂ ከቤት አናወጣውም።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፤ ልጅህ በየጠዋቱ ከቤት መውጣቱን ብቻ አትመልከት። ደብተሩን ክፈተው። ማንበብ ባትችል እንኳ ታላቅ እኅቱን ወይም ዲያቆኑን ጥራና አንድ ገጽ ያንብብልህ። የ6ኛ ክፍል ልጅ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ማንበብ ካልቻለ በ9ኛ ክፍል ትምህርት ይመረዋል፤ የመረረውንም ነገር መተዉ አይቀርም። «ልጄ ሰነፈ፥ ትምህርት ጠላ» የሚባለው ሁሉ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመት በፊት ያመለጠው ነገር ተገኝቶበታል። አንባቢ ልጅ ትምህርቱን እምብዛም አይተውም።

ግማሽ ውጤት ላላመጣ ልጅም መንገዱ አልተዘጋም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ለወደቁት የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቶአል፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም አለ። በዚህ በሁለተኛው ላይ አንድ የቆየ በሽታችንን ሳልናገር አላልፍም። አገራችን የእጅ ባለሙያን ስትንቅ የኖረች ናት፤ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፥ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያልን ስንሰድብ የኖርን ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ቀለል ብሎ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን ዛሬም «ልጄ ቴክኒክ ገባ» ብሎ አንገቱን በሚደፋ አባት ልብ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ከገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ሕገ ኦሪትን የተማረ ሊቅ ሲሆን በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ሁለቱም ትምህርት ነው። ብየዳ ወይም የውኃ ቧንቧ ሥራ የሚማር ልጅም መለኪያ ማንበብ፥ ሥሌት መሥራት፥ የዕቃውን መመሪያ መረዳት ያስፈልገዋል፤ ይህም ያለ 8ኛ፥ 9ኛና 10ኛ ክፍል ትምህርት አይመጣለትም።

ስለ ትምህርት መተው ሲነሣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የራስዋ ምስክር አላት። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊትን ሊማር ገብቶ ትምህርቱ አልገባውም ነበር። መምህሩም ቢቀጣው ትምህርቱን ትቶ ከአክሱም ኰበለለ። በዛሬው አነጋገር ያሬድ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ነበር ማለት ነው። በማይ ኪራሕ ከዛፍ ጥላ ሥር ባረፈ ጊዜ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትጥር፥ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ተመልሶም መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ። ድጓው፥ ጾመ ድጓው፥ ምዕራፉ፥ ዝማሬው፥ መዋሥዕቱ ሁሉ ከዚያ መመለስ በኋላ የመጣ ነው። ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ሁልጊዜ ስለ ትሏ እንናገራለን፤ አንድ ነገር ግን እንዘላለን፤ አባ ጌዴዎን የተመለሰውን ልጅ ተቀብሎታል። በር ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የትሏ ትጋት ምን ይጠቅም ነበር? ዛሬ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት አቋርጦ በሰፈር የሚዞረውን ልጅ «አንተማ አበቃልህ» የምንል ሰዎች በማይ ኪራሕ መንገድ ላይ ቆመን መመለሻውን የምንዘጋ ነን።

ስለ አብነት ትምህርት ቤትም አንድ ነገር ላስታውስ፤ ለዛሬው ጉዳይ ይጠቅማልና። አንድ ተማሪ ከንባብ ቤት ተነሥቶ ለድጓው ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ፥ ለቅኔው ዋሸራ እየዞረ ዐሥር፥ ዐሥራ አምስት፥ ሃያ ዓመት ይማራል። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቦ፥ በየደጁ ቆሞ ስለ እመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። እኛም እንዲህ ተምረናል። ሰዎች ይህን ሲተርኩ ስለ ተማሪው ጽናት ይደነቃሉ፤ ጽናቱ አለ፤ እኔ ግን የሚያስደንቀኝ ቁራሹን የሰጠው መንደር ነው። የጎጃምና የጎንደር ባለ አገር ሴት ከልጆቿ ማዕድ ቈርሳ ለማታውቀው ተማሪ የምትሰጠው እንጀራ የትምህርት መዋጮ ነበር። ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ የሚያጣውን ገቢ ያ መንደር ተካፍሎ ይሸከምለት ነበር። ሊቃውንቱን ያፈራው ይህ ነው። መንግሥትም በኋላ በዚሁ ተጠቀመ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፍቶ የግብጽ ቅብጦች መምህራን ከመጡበት ጊዜ ወዲህ፥ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እየተስፋፋ ሲሄድ የአማርኛና የግዕዝ መምህራን የሆኑት ብዙዎቹ በቁራሽ የተማሩት የቅኔ ቤት ልጆች ነበሩ።

ዛሬ በከተማ የሚማረው የድኃ ልጅ አኩፋዳ የለውም፤ ስለ እመቤታችንም ብሎ ቢለምን ሰነፍ ይባላል። የሚያጣውን 6,000 ብር ብቻውን፥ ወይም ከመበለቲቱ እናቱ ጋር ይሸከመዋል። ያን ሸክም ትቶ ቢሄድ የምንፈርድበት ምን ሰጥተነው ነው? በናቡከደነፆር ቤት እነ ዳንኤል ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሲማሩ ቀለባቸው የተቈረጠ ነበር፤ የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬ በመረጡ ጊዜም ያን ጥራጥሬ በየቀኑ የሚያቀርብላቸው ሰው ነበር። ዔሳው ስለ ምስር ብሎ ብኵርናውን ሸጠ፤ ዳንኤል ጥራጥሬ እየበላ ትምህርቱን ፈጸመ። እህሉ ከአንድ ወገን ነው፤ ልዩነቱ ለአንዱ ጊዜያዊ ራብ ማስታገሻ፥ ለሌላው የሦስት ዓመት ስንቅ መሆኑ ነው።

ስለ ሴቶች ልጆችም ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ሴት ልጅ ከ7ኛ ወይም ከ8ኛ ክፍል የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ፈልጋ አይደለም፤ ሊድሯት ነው፤ ወይም ወደ ዐረብ አገር ሊልኳት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚፈጽመውን ይቀጣል። ከእነዚህ ሕጎች በፊት ግን የሚቆም አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ቄሱ ነው። ልጅቱ 15 ዓመቷ መሆኑን ክርስትና ያነሣት ካህን ያውቃል። «እድሜዋ ደርሶአል» ብሎ ለሚመጣ አባት «እኔ ነኝ ያጠመቅኋት፥ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል» ማለት የእርሱ ድርሻ ነው። አባትየው የሚያስበው ስለ ጥሎሽና ስለ ቤቱ ክብር ይሆናል፤ እርሱንም በደብተርና በእርሳስ ማናገር ይቻላል። የተማረች እናት ቤት የልጆች ሕመም ቶሎ ይታወቃል፥ የገበያው ሒሳብ አይሳሳትም፥ ባሏ ቢሞት ወይም ቢታመም ቤቱ አይፈርስም።

ስለ ስደትም እንዲሁ ነው። በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግረው በየመን ምድር ወደ ሳውዲ ዐረቢያ የሚጓዙት ወጣቶች ስንቱን መከራ እንደሚያዩ ከተመለሱት ያልሰማ ሰበካ ጥቂት ነው። እኛ «አትሂዱ» ስንል ብዙ ጊዜ አይሰሙንም። ነገር ግን ይህን ብንነግራቸው ይሰሙናል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል የጨረሰና የሙያ ብቃት የተመዘነ እንዲሆን አዝዞ ነበር። አዋጁ በኋላ ቢሻሻልም የነገሩ ምክንያት ያው ነው፤ ውሉን አንብቦ የሚፈርምና በደላላ ቃል ብቻ የሚነዳ ሰው በባዕድ አገር አንድ ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ መሄድ ያልቀረለት ወጣት እንኳ ተምሮ ቢሄድ ይሻለዋል።

እንግዲህ በየአጥቢያችን ምን እናድርግ? ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይህን ሥራ ሊጀምር ይችላል። ከምእመናን መካከል ነርስ፥ መካኒክ፥ የሒሳብ ሠራተኛ፥ መምህር፥ የታወቀ ግንበኛ አይጠፉም። በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱ ቀርቦ ስንት ዓመት እንደ ተማረ፥ በዚያ ጊዜ ምን እንዳጣ፥ ዛሬ ምን እንደሚያገኝ ሳይደብቅ ለልጆቹ ይንገራቸው። ትምህርቱን አቋርጦ የቀረ ሰውም ፈቃደኛ ቢሆን ይናገር፤ የእርሱ ቃል ከእኛ ቃል ይልቅ ይገባቸዋል። ልጆቹ ይጠይቁ፤ ስለ ደመወዝ መጠየቃቸውን እንደ ድፍረት አንቍጠርባቸው።

የወር በዓላትንም ነገር መናገር አለብን። በዓል ማክበር አባቶቻችን ያወረሱን ነው፤ በበዓል ቀን እርሻ አይታረስም። ነገር ግን አንዳንድ ወላጆች በወሩ ውስጥ በሚውሉት በዓላት ሁሉ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ሲያስቀሩ እናያለን፤ ያ ልጅ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ በመንገድ ላይ ሲጫወት ይውላል። መማር የጕልበት ሥራ አይደለም። ማለዳ ኪዳን አድርሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ በዓሉን አልሻረም፤ ካህናትም ይህን በግልጽ ከዐውደ ምሕረት ልንናገረው ይገባል፤ ሕዝቡ በእኛ ዝምታ እየተመካ ነውና።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የቁራሹ ነገር ነው። አንድ የጽዋ ማኅበር 12 አባላት ቢኖሩት፥ እያንዳንዱ በወር ጥቂት ብር ቢያዋጣ፥ አንድ አባት የሌለው ልጅ ደብተርና ጫማ አግኝቶ፥ እናቱም ለዘይትና ለዱቄት የሚሆን ትንሽ ድጋፍ ቢደርሳት፥ ልጁ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። ማኅበሩ ጸበል ጸዲቁን ሳያስቀር ይህን ማድረግ ይችላል። ተዝካርም አለ። ለሟች ነፍስ ጸሎትና ምጽዋት ይገባል፤ ነገር ግን ሟቹ ትቶት የሄደውን በሬ ሸጦ፥ በዚያም ላይ ተበድሮ ለመንደሩ ሁሉ ሲደግሱ፥ የሟቹ ልጅ ግን በዕዳው ምክንያት ትምህርቱን ትቶ እረኛ ሲሆን አይተናል። ለዚያ ነፍስ የሚጠቅመው የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን? ድግሱ ይቀነስና ከተረፈው የሙት ልጁ የአራት ዓመት ትምህርት በምጽዋት ስም ይያዝ፤ ስመ ክርስትናውም በቅዳሴ ይጠራለት። ይህን በመምከራችን ከድግሱ የሚደርሰን ድርሻ የሚቀንስ ቢሆን እንኳ ይቀንስ።

ንስሐ አባቶች ሆይ፤ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ተማሪዎች በሚመዘገቡበት ጊዜ የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት ዙሩ። ጠበል ረጭታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ልጆች በስማቸው ጠይቁ፤ ማን ተመዘገበ፥ ማን ቀረ፥ የቀረውስ ስለ ምን ቀረ? ምክንያቱ የገንዘብ ማጣት ከሆነ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ንገሩ፤ ትምህርቱ ስላልገባው ከሆነ የሚያስጠናው ዲያቆን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ፈልጉለት፤ ሊድሯት ከሆነም በዚያው ቀን ከአባቷ ጋር ሳትነጋገሩ አትውጡ። በጥር የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያበቃም ያንኑ ቤት ተመልሳችሁ ጐብኙ፤ ብዙ ልጆች የሚቀሩት በመስከረም ሳይሆን በዚያ በመካከለኛው ጊዜ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።